«ኔትወርክ የለም» ሲባል የጠፋው ምንድን ነው? የኮምፒዩተር መሠረታዊ ቃላት አጠቃቀም በደባርቅና በዳባት

ከገጠር ቀበሌ ሁለትና ሦስት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ደባርቅ ወይም ዳባት የደረሰ ባለጉዳይ በመስኮት ፊት ቆሞ ከሚሰማቸው ምላሾች መካከል «ኔትወርክ የለም» የሚለውን ያህል የተለመደ ያለ አይመስልም። «ሲስተም የለም» የሚለውም የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው። ባለጉዳዩ እስከ ከሰዓት ልጠብቅ ወይስ ሌላ ቀን ልመለስ ብሎ መወሰን አለበት፤ የተነገረው ዐረፍተ ነገር ግን ለውሳኔው አንዳች አይረዳውም። የመብራት መጥፋት፣ የተነቀለ ገመድ፣ የስልክ ምልክት መድከም፣ በአዲስ አበባ የሚገኝ ዋና ኮምፒዩተር መቆም፣ ሁሉም በአንድ ስም ይጠራሉና። የአምስት ደቂቃ ችግርና የአምስት ቀን ችግር ስማቸው አንድ ሲሆን ኪሳራው የሚያርፈው በመንገደኛው ላይ ነው።

ይህ ጽሑፍ የኮምፒዩተር፣ የሶፍትዌርና የኔትወርክ መሠረታዊ ቃላትን በዚሁ አካባቢ ከሚነገሩበት ሁኔታ ተነሥቶ ለማብራራት ይሞክራል። ምሳሌዎቹ አቅራቢው የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቱን ከመጀመሩ በፊት በአካባቢው በሠራበት ጊዜ ከታዘበው የተወሰዱ እንጂ በመጠይቅ የተሰበሰቡ አይደሉም።

ሣጥኑ፣ አውድማውና ጎተራው

ሃርድዌር የሚዳሰሰው ክፍል፣ ሶፍትዌር ደግሞ ሃርድዌሩን የሚያዝዙት መመሪያዎች ስብስብ መሆኑን የማያውቅ አንባቢ እዚህ አይኖርም። ችግሩ ያለው በስያሜው ላይ ነው። በመሥሪያ ቤቶቻችን ከጠረጴዛ ሥር የሚቀመጠው ሣጥን በጥቅሉ «ሲፒዩ» ይባላል። ሲፒዩ ግን በሣጥኑ ውስጥ ማዘርቦርድ ላይ የሚሰካ፣ ስፋቱ ከክብሪት ሣጥን የማይበልጥ የስሌትና የትእዛዝ ክፍል ነው። በግዥ መጠየቂያ ላይ «ሲፒዩ ተበላሽቷል፣ ይተካ» ተብሎ ሲጻፍ፣ መብራት ሄድ መጣ በሚልበት አካባቢ ቀድሞ መጠርጠር ያለበት ፓወር ሰፕላይ የሚባለው ኃይል አከፋፋይ ነው። ይህ ክፍል በአነስተኛ ዋጋ ይተካል። ሲፒዩ ራሱ ከሁሉም ክፍሎች ዘግይቶ ከሚበላሹት አንዱ ነው። ስሙ ስለተምታታ ብቻ ሣጥኑ በሙሉ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይገባል።

«ሜሞሪ» የሚለው ቃል የባሰ ነው። በገበያ ቋንቋ ሜሞሪ ማለት ስልክ ውስጥ የሚገባው ዘፈንና ፎቶግራፍ የሚጫንበት ካርድ ነው። በኮምፒዩተር ትምህርት ግን ቃሉ ራም የሚባለውን ጊዜያዊ ማህደር ያመለክታል። ልዩነቱን ለገበሬ ልጅ ለማስረዳት አውድማና ጎተራን የሚያህል ምሳሌ አላገኘሁም። ራም አውድማው ነው፤ እህሉ የሚወቃውና የሚበራየው እዚያ ነው፣ ሥራው የሚካሄደው እዚያ ነው። ሃርድ ዲስክ ወይም ኤስኤስዲ ጎተራው ነው። አውድማ ላይ የተዘረጋ ገብስ ድንገት ዝናብ ቢመጣበት ይበላሻል፤ ጎተራ የገባው ይተርፋል። መብራት ሲጠፋ «ሴቭ» ያልተደረገ ጽሑፍ የሚጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው፦ ራም ኃይል ሲቋረጥበት የያዘውን ሁሉ ይለቃል። «ኮምፒዩተሩ ዘገየ» ሲባልም ጠቦ የተገኘው አውድማው ነው ወይስ የሞላው ጎተራው ብሎ መለየት ያስፈልጋል፤ መድኃኒታቸው የተለያየ ነውና።

ከሶፍትዌር ወገን ሁሉ አደገኛው ቃል «ፎርማት» ነው። በጥሬ ትርጉሙ ፎርማት ማድረግ ማለት አንድን የማከማቻ ክፍል ነባሩን የፋይል ማውጫ አጥፍቶ ለአዲስ አገልግሎት ማዘጋጀት ነው። በጥገና ሱቆች ግን ቃሉ «ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን» ለሚለው ሥራ በሙሉ ይውላል፤ ደንበኛውም «ማደስ»፣ «ማጽዳት» እንደማለት አድርጎ ይሰማዋል። አንዲት የትምህርት ጓደኛዬ ላፕቶፗ አልነሣ ብሏት ወደ አንድ ጠጋኝ ወስዳ «ፎርማት ይፈልጋል» ስትባል «ይሁን» አለች። ከአርሶ አደሮች ጋር ያደረገቻቸው ቃለ መጠይቆች በሙሉ የተቀመጡት ዴስክቶፕ ላይ ነበር። ዴስክቶፕ ላይ የሚታየው ፋይል ደግሞ ስርዓተ ክወናው በሚቀመጥበት በሲ ድራይቭ ውስጥ ያለ ነው፤ ሲ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ጠጋኙ አልዋሸም፤ እሷም ተስማምታለች። ሁለቱ አንድ ቃል ተናግረው ሁለት ነገር ተረዱ። ዲስኩ ላይ ሌላ ነገር ሳይጻፍበት ቢሆን ኖሮ ከፊሉን ማዳን ይቻል ነበር፤ አዲሱ ዊንዶውስ ግን ተጽፎበታል።

አንድ ነገር በጎን ላንሣ። «ኮምፒዩተሩ አማርኛ አያነብም» የሚባለውም ከዚሁ ወገን ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የራሱን ቁጥሮች አግኝቷል። ከዚያ በፊት በተለመዱት ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ግን ፊደላቱን የሚያስቀምጠው ለላቲን ሆሄያትና ምልክቶች በተመደቡ ቁጥሮች ላይ ስለሆነ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ዝብርቅርቅ ምልክት ይሆናል። ሰነዱ አልተበላሸም፤ ኮምፒዩተሩም ጤነኛ ነው። ይህን ባለማወቅ «ተበላሽቷል» ተብሎ የተጣለ ቃለ ጉባኤ በየመሥሪያ ቤቱ ስንት እንደሚሆን ማሰብ ያሳዝናል።

ከፕላዝማ የወረስነው ልማድ

መሣሪያውን፣ ይዘቱንና መስመሩን በአንድ ስም የመጥራት ልማድ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በመላው አገሪቱ «ፕላዝማ» ተብሎ ቀረ። ፕላዝማ የስክሪኑ ዓይነት ስም ነው፤ ትምህርቱ ግን በስቱዲዮ ተቀርጾ፣ በሳተላይት ተልኮ፣ በትምህርት ቤቱ ሳሕን ተቀብሎ የሚመጣ ነበር። «ዛሬ ፕላዝማ የለም» ሲባል መብራቱ ይሁን፣ በነፋስ አቅጣጫውን የሳተው ሳሕን ይሁን፣ ስክሪኑ ይሁን ማንም አይለይም ነበር። የዚያ ዘመን ተማሪዎች ዛሬ በየመስኮቱ ተቀምጠው «ኔትወርክ የለም» የሚሉት እኛው ነን።

መረቡ የት ላይ ተበጠሰ?

ኔትወርክ ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ ኮምፒዩተሮች መልእክት እንዲለዋወጡ የሚያስችል ትስስር ነው። በአንድ ቢሮ ወይም ግቢ የተወሰነው ላን ይባላል፤ ኢንተርኔት ደግሞ የእነዚህ ሁሉ መረቦች መረብ ነው። ስለዚህ ኢንተርኔት ጠፍቶ ላን ሊሠራ ይችላል፤ ከጎን ክፍል ያለው ማተሚያ ያለ ኢንተርኔት ማተሙ የሚያስገርማቸው ሰዎች አጋጥመውኛል።

የተበጠሰበትን ቦታ ለማግኘት ከቅርብ ወደ ሩቅ መሄድ ይሻላል። መጀመሪያ መብራት ነው። ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው መብራት ቢጠፋም አይጠፋም፤ ኮምፒዩተሮቹን የሚያገናኘው ስዊችና ወደ ውጭ የሚያሻግረው ራውተር ግን ዩፒኤስ ከሌላቸው ወዲያው ይሞታሉ። «ኮምፒዩተሬ በርቷል፣ ኔትወርኩ ነው የጠፋው» የሚለው ሐረግ በአብዛኛው ይህን ይገልጻል። ቀጥሎ ገመዱ ነው፦ በሶኬቱ አጠገብ ያለችው ትንሽ መብራት ካልበራች ከዚያ በላይ መመርመር ጊዜ ማባከን ነው። ቀጥሎ አድራሻው ይመጣል። እያንዳንዱ ኮምፒዩተር አይፒ የሚባል ቁጥር ይኖረዋል፤ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ራውተሩ ነው። ዊንዶውስ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ካሳየ ኮምፒዩተሩ አድራሻ ጠይቆ የሚሰጠው አጥቶ ለራሱ ጊዜያዊ ቁጥር አውጥቷል ማለት ነው፤ ስሕተቱ ከቢሮው ግድግዳ አልወጣም። አድራሻው ትክክል ሆኖ፣ 8.8.8.8 ለተባለው የታወቀ አድራሻ የተላከ ፒንግ መልስ ካገኘ፣ ነገር ግን ድረ ገጽ በስሙ አልከፈት ካለ፣ የጎደለው ስምን ወደ ቁጥር የሚመልሰው ዲኤንኤስ ሳይሆን አይቀርም። ሌላው ድረ ገጽ ሁሉ ተከፍቶ የመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራም ብቻ ከቀረ ደግሞ ቢያንስ መስመሩ ንጹሕ ነው። «ሲስተም የለም» የሚለው አባባል ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ የቆመው ሰርቨሩ ወይም በላዩ ያለው ሶፍትዌር ነው።

በስልክ ሲሆን መልክዓ ምድሩ ይጨመራል። የሞባይል ሬዲዮ ሞገድ በተራራ ውስጥ አያልፍም ማለት ይቻላል። ደባርቅ በደጋው አፋፍ ላይ ናት፤ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ አዲ አርቃይ ሲወረድ ስልክ ምልክቱን የሚጥለውና መልሶ የሚያገኘው ገደሉ በስልኩና በማማው መካከል ስለሚቆም ነው። በስልኩ ራስጌ የሚታዩት ዘንጎች የሚለኩት ግን ከስልኩ እስከ ማማው ያለውን ብቻ ነው። ከማማው ወዲያ ያለው የፋይበር ወይም የማይክሮዌቭ መስመር ቢበጠስ፣ ወይም በገበያ ቀን ተጠቃሚው ቢበዛበት፣ ዘንጎቹ ሙሉ ሆነው ምንም አይከፈትም። በሌላ በኩል ጠጋኝ የማይጠግነው መቋረጥም አለ፦ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ማማውም ስልኩም ጤነኞች ነበሩ፤ የድምፅ ጥሪ በሚሠራበት ቦታ እንኳ ዳታ አልነበረም።

ሁለቱ «ዳታ»

ለዚህ መጽሔት አንባቢ ከሁሉ የሚቀርበው ቃል ይህ ነው። በዳባት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1996 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው የምርምር ማእከል በዙሪያው ባሉ ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ይከታተላል። እዚያ «ዳታ» ማለት የሰው ሕይወት መዝገብ ነው። በመንገድ ላይ ግን ዳታ የሚሸጥና የሚያልቅ የኢንተርኔት ፓኬጅ ነው። መጠኑ በሜጋባይት፣ ፍጥነቱ በሜጋቢት ይነገራል፤ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 400 ሜጋባይት ፋይል በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሚሄድ መስመር 100 ሰከንድ ሳይሆን 800 ሰከንድ ወይም 13 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይወስዳል።

በታብሌት መጠይቅ የሚያስሞላ ተመራማሪ ከመስክ «ዳታ የለም» የሚል መልእክት ቢደርሰው ምን ይረዳ? ሠራተኛው ፓኬጁ አልቆበት ይሆናል፤ ቤቶቹ ተዘግተው አግኝቶ ይሆናል፤ ወይም ቅጾቹን ሞልቶ ወደ ሰርቨሩ መላክ አቅቶት ይሆናል። በሦስተኛው ሁኔታ ቅጾቹ በታብሌቱ ማከማቻ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ለመላክ እንጂ ለመሙላት አይደለም። «አልሠራ አለኝ» ብሎ መተግበሪያውን አጥፍቶ እንደገና የሚጭን ሠራተኛ ግን ያልተላኩትን ቅጾች አብሮ ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ማታ በስልክ የሚቀርበው ጥያቄ «ዳታ አለ?» ከሚሆን ይልቅ «ስንት ቅጽ ሞላህ? ስንቱ ተላከ? ታብሌቱ ላይ ስንት ቀረ?» ቢሆን ይመረጣል።