ተጨማሪ መረጃ፦ ቦርሳ ውስጥ የተደበቀ መከታተያ

ኤርታግ አፕል በ2021 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው፣ የጠፋ ቁልፍ ወይም ሻንጣ ማፈላለጊያ ነው። ከአንድ ብር ሳንቲም ጥቂት ሰፋ ይላል፤ ክብደቱ 11 ግራም ብቻ ነው። ይህ ትንሽነቱ ነው የሚያስፈራው፤ ክፉ ሰው በቦርሳ ገበር ወይም በመኪና ወንበር ሥር ሸጉጦ ሰው ይከታተልበታል። የራሱ ጂፒኤስ የለውም፤ ያለበትን ቦታ ለባለቤቱ የሚያደርሱለት በአቅራቢያው የሚያልፉ የአፕል ስልኮች ናቸው።

ከግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ አይፎንም አንድሮይድም የማይታወቅ መከታተያ አብሯችሁ ሲጓዝ ማስጠንቀቂያ ይልካሉ። ማስጠንቀቂያው ከደረሳችሁ ወደ ቤት አትግቡ፤ ሰው ወደሚበዛበት ቦታ ወይም ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። መሣሪያውን ካገኛችሁት ነጩን ገጽ ኤንኤፍሲ (በቅርበት መረጃ መለዋወጫ) ወዳለው ስልክ ጀርባ አስጠጉት፤ መለያ ቁጥሩ ሲወጣ ፎቶ አንሱት፣ ለፖሊስ ማስረጃ ይሆናል።

የብረት ክዳኑን ጫን አድርጎ ወደ ግራ ማዞር ባትሪውን ያስወጣል። ግን እባካችሁ አትቸኩሉ! መሣሪያው ድንገት ሲጠፋበት የደበቀው ሰው እንደተነቃበት ይገባዋል። በተለይ የቀድሞ ባል ወይም ፍቅረኛ ከሆነ ያቺ ሰዓት አደገኛ ናትና፣ አስቀድማችሁ ለምታምኑት ሰው ያላችሁበትን ንገሩ።