ፕሌስቴሽንና ኮምፒውተር፦ ቁልፉ በማን እጅ ነው?

በአዲስ አበባ ብዙ ወጣት ጌም የለመደው ሰፈሩ ባለው ፕሌስቴሽን ቤት ነው። ሒሳቡ በጨዋታ ነው፣ ተራ ጠባቂው ከኋላ ቆሞ አሰልጣኝ ይሆናል። እዚያ ላደገ ሰው ኳስ በኪቦርድ መጫወት ቅጣት ነው፤ ጆይስቲክ የለመደ እጅ ሌላ አይቀበልም። ከጆይስቲኩ ጀርባ ያለው ዕቃ ግን ከኮምፒውተር ምን ያህል ይለያል?

ከውስጥ ሲታይ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ፕሌስቴሽን 3 «ሴል» የሚባል ለየት ያለ ፕሮሰሰር ነበረው። ጌም ሠሪዎችን አስለቅሷል፤ ለከባድ ስሌት ግን የተመቸ ስለነበር የአሜሪካ አየር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ1,700 በላይ ፕሌስቴሽኖችን አያይዞ ሱፐር ኮምፒውተር ሠርቶባቸዋል። ሶኒ ከፕሌስቴሽን 4 ጀምሮ ይህን መንገድ ተወው። ፕሌስቴሽን 5 ውስጥ ያለው ባለ8 ኮር ፕሮሰሰርም የግራፊክስ ቺፑም የቺፕ አምራቹ የኤኤምዲ ሥራ ነው፤ የቅርብ ዘመዶቻቸው ሱቅ በሚሸጡ ኮምፒውተሮች ውስጥ ይገኛሉ። የማይክሮሶፍት ኤክስቦክስም ከዚያው ቤት ነው።

ታዲያ ኮንሶሉ (ፕሌስቴሽንና ኤክስቦክስን የመሰለው የጌም መጫወቻ) በርካሽ ዋጋ እንዴት ያን የመሰለ ምስል ያወጣል? ምስጢሩ ወጥነቱ ነው። በጌም ውስጥ ብርሃን ውሃ ላይ ሲያርፍ፣ ጥላ ግድግዳ ላይ ሲወድቅ የሚያሰሉት «ሼደር» የሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች ናቸው። ሼደር ከመሥራቱ በፊት ቺፑ ወደሚገባው ትእዛዝ መለወጥ አለበት። ኮንሶል ላይ ቺፑ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ሠሪዎቹ ለውጡን ጨርሰው ከጌሙ ጋር ይልኩታል፤ ልክህን የሚያውቅ ልብስ ሰፊ እንደማለት ነው። ኮምፒውተር ላይ ግን የግራፊክስ ካርዱ ዓይነት ብዙ ስለሆነ ሥራው የሚሠራው ተጫዋቹ ቤት ነው። አንዳንዱ ጌም ሲከፈት «ጠብቁ» የሚለው ለዚህ ነው። ሳያስጠብቅ የጀመረው ደግሞ በጨዋታው መሀል ለቅጽበት ቆም ቆም ይላል። ለካርድ ብቻ የኮንሶል ዋጋ የከፈለ ሰውም ከዚህ አያመልጥም፤ ያናድዳል!

ገንዘቡ ላይ ስንመጣ ርካሽ የሚባለው ነገር ይደበዝዛል። ኮንሶል አምራቾች ዕቃውን በጠባብ ትርፍ፣ አንዳንዴም በኪሳራ ይሸጣሉ፤ ፕሌስቴሽን 3 ሲወጣ እንዲህ ነበር። ኪሳራው የሚካካሰው ከጌሙ ነው፤ በኦንላይን ሱቃቸው ከሚሸጠው እያንዳንዱ ጌም 30 በመቶ ገደማ ይወስዳሉ። ዋጋ የሚከፈልባቸውን አብዛኞቹን ጌሞች ፕሌስቴሽን ላይ ከሌላ ሰው ጋር በኢንተርኔት ለመጫወት ደግሞ የተለየ የአባልነት ክፍያ አለ። ኮምፒውተር ላይ መግቢያው ውድ ቢሆንም እንዲህ ያለ የአባልነት ክፍያ የለም። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 የከፈተው ስቲም የተባለ የኮምፒውተር ጌም ሱቅም ኮሚሽን ይቆርጣል፤ ግን ያልተመቸው ገዢ ሌላ ሱቅ መሄድ ይችላል።

ለእኔ ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ኮንሶሉን ገዝተህም ቁልፉ ሶኒ ዘንድ ይቀራል፤ ሶኒ ያልፈቀደው ፕሮግራም አይገባበትም። ኮምፒውተሩ የባለቤቱ ነው፣ ጌሙን ፈትቶ መነካካት ይችላል። ታዋቂው የተኩስ ጌም ካውንተር ስትራይክ የተወለደው «ሃፍ ላይፍ» የተባለውን ጌም ተጫዋቾች በራሳቸው ፍላጎት ሲለዋውጡት ነው። ዶታ የተባለው ጌምም «ዋርክራፍት 3» ከተባለው ጌም ላይ እንዲሁ በቀለ። ፕሮግራም መማር ለሚፈልግ ልጅ የቱን እንደምገዛለት ብጠየቅ አላመነታም።

ኳስ ብቻ ለሚፈልግ ግን ኮንሶሉ ይበቃዋል፤ አንድ ጥቅምም አለው። ዛሬ ሁሉም ማለት ይቻላል የኮምፒውተር ጌም ከኢንተርኔት የሚወርድ ነው፤ ከ100 ጊጋባይት የሚያልፉ አሉ፣ በሞባይል ዳታ የማይታሰብ። የኮንሶል ጌም በሲዲ አሁንም ይገኛል፤ ይዋሳሉ፣ ይለዋወጣሉ፣ ሲሰለች ይሸጣሉ። ሲዲ ማስገቢያ የሌለው ፕሌስቴሽን 5 ስላለ ግን፣ ከዱባይ በዘመድ የሚያስመጣ ሰው የትኛውን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ለይቶ ይንገር።