ክቡ ለምን እንቁላል ሆነ?

ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ሰው «ሰላም ዓለም»ን አሳትሞ ጥቁሩን መስኮት ይንቀዋል። እኔ ኮንሶልን እንደ ሸራ ነው የማየው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ 0 እና 1 የተደረደሩበት ሠንጠረዥ፣ ሉፕ በሉፕ ውስጥ፣ ለ1 «#»፣ ለ0 ባዶ ቦታ። እናቱ ስፌት የምትሰፋ ልጅ ደግሞ ቶሎ ይገባዋል፤ የመሶብ ጌጥም የሚወጣው በቆጠራ ነው።

አምቦ ውስጥ አንድ ተማሪ ሐሮ ወንጪን (የወንጪን ሐይቅ) ልሣል ብሎ ተነሣ። የወንጪ ዳርቻ ገባ ወጣ ይላል፤ «ለጀማሪ ዴንዲ ይሻላል» አልኩት። ዴንዲ ሁለት ክብ ሐይቆች ተጋጥመው 8 ቁጥርን የመሰሉበት ስለሆነ የክብ ቀመር ይበቃዋል። ጎን ለጎን አድርጎ ሠራቸው፤ ስክሪኑ ላይ ግን ሁለት የቆሙ እንቁላሎች ወጡ።

«ባርሲሳ (መምህር)፣ ሒሳቡ ተሳስቷል» አለኝ።

ሒሳቡስ ልክ ነበር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ፊደል አንድ ካሬ እየመሰለው ነው። በኮንሶል አንድ ፊደል የሚያርፍባት ክፍል ቁመቷ ከስፋቷ እጥፍ ገደማ ነው፤ 8 ነጥብ በ16 የሆነውን ፎንት ብንወስድ 17 ዓምድና 17 ረድፍ ያለው ክብ ወርዱ 136፣ ቁመቱ 272 ነጥብ ይሆናል። እንቁላል ባይሆን ነበር የሚገርመው! መድኃኒቱ እያንዳንዱን ምልክት ሁለት ሁለቴ ማተም ነው። ሁለቱ ሐይቆች ያኔ 68 ፊደል ይፈጃሉ፤ በጥንቱ የ80 ዓምድ ስክሪን ላይም ይተርፋቸዋል።

እኔ የምወደው ግን «▀»ን ነው። የክፍሏን የላይኛውን ግማሽ ብቻ ስለሚሞላ፣ ለፊደሉ አንድ ቀለም፣ ለጀርባው ሌላ ቀለም ከሰጡት ከአንድ ፊደል ሁለት እውነተኛ ካሬዎች ይወጣሉ፤ ከላይ ሰማይ፣ ከታች ውኃ። ይህን ሳያውቁ ኮንሶል ሥዕል አይችልም የሚሉትን አልታገሳቸውም። ሥዕሉን ገልብጠው ቴሌግራም ላይ ከለጠፉ በኋላ «ተበላሸ» የሚሉትንም እንዲሁ፤ የፊደሎቹ ስፋት እኩል ባልሆነበት ፎንት ምን ሊሆን ኖሯል?

ተማሪዬ ክቦቹ ሲስተካከሉለት ውኃውን በግዕዝ ፊደል ልሙላው አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ መጻፉ አያስቸግርም፤ ብዙ ፎንቶች ግን ሐን እና ነን እኩል አያሰፏቸውም። ነግሬው ነበር፤ አልሰማኝም። የዴንዲ የቀኝ ዳርቻ እንደ ወንጪ ገባ ወጣ ሆኖ አረፈው።