ለማዕድ የሚደረግ አደንና የፍጥረት ጥበቃ

እንስሳን ገድሎ ሥጋውን የሚበላ ሰው ፍጥረትን ይጠብቃል ወይስ ያጠፋል? ይህ ጥያቄ በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ሰዎችን ለረጅም ዘመን አከራክሯል። ነገሩ ከእኛ የራቀ ቢመስልም፥ በግ አርዶ በዓል የሚያከብር ቤተ ሰብ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ስለ ሆነ፥ አንድ ምሳሌ መርጠን ለአንባብያን እናቀርባለን። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በካናዳ ሰሜናዊ ዳርቻ ኢኑዊት የሚባል ሕዝብ ይኖራል። በዚያ ምድር እህል አይዘራም፤ ባሕሩም የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል በበረዶ ተሸፍኖ ይከርማል። ስለዚህ የሕዝቡ ኑሮ ከጥንት ጀምሮ የተመሠረተው በአደን፥ ይልቁንም አቆስጣ በሚባለው እንስሳ ላይ ነው። ስሙን አንባብያን ስለ ደብተራ ኦሪት መደረቢያ ከሚናገረው ከኦሪት ዘጸአት ያውቁታል። አቆስጣ በባሕር የሚኖር፥ ግልገሉን ግን ጡት የሚያጠባ እንስሳ ነው። አዳኙ እንስሳው ለመተንፈስ በበረዶው ላይ በከፈተው ቀዳዳ አጠገብ በብርድ ቆሞ ይጠብቃል። የተገኘውም ሥጋ ለአዳኙ ቤት ብቻ አይቀርም፤ ለዘመድ፥ ለጎረቤትና ለአረጋውያን ይከፋፈላል። ቆዳው ልብስና ጫማ ይሆናል፤ ስቡም በቀድሞ ዘመን ለመብራትና ለማሞቂያ ያገለግል ነበር። እንደ ጥንት ልማዳቸውም፥ እንስሳውን ለማክበር ሲሉ በሞተው አቆስጣ አፍ ውስጥ ንጹሕ ውሃ ያፈሱ ነበር።

ከዚህ አገር በስተ ደቡብ፥ በኒውፋውንድላንድ አካባቢ ግን ሌላ ዓይነት አደን ይደረግ ነበር። በዚያ ጠጉራቸው ገና ነጭ የሆነ የሌላ ወገን የአቆስጣ ግልገሎች፥ ቆዳቸው ለንግድ ስለሚፈለግ በዱላ እየተመቱ ይገደሉ ነበር። በ1971 በቫንኩቨር ከተማ የተመሠረተው ግሪንፒስ የተባለው የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች ማኅበር በ1976 ይህን ለመቃወም ወደ በረዶው ዘመተ። የግልገሎቹም ሥዕል የአውሮፓን ሕዝብ ልብ ስለ ነካ፥ በ1983 የአውሮፓ የኢኮኖሚ ማኅበረ ሰብ የእነዚህ ግልገሎች ቆዳ ወደ ግዛቱ እንዳይገባ ከለከለ። ካናዳም በ1987 ነጫጭ ግልገሎችን ለንግድ መግደልን አቆመች። ይህ የጭካኔን ሥራ መከልከል በመልካም የሚታይ ነው።

ነገር ግን ከዚሁ መልካም ሥራ ጋር ታላቅ በደል ተፈጸመ። ሕጉ የኢኑዊትን ባህላዊ አደን ባይከለክልም፥ ገዢው ሕዝብ የአቆስጣን ቆዳ ሁሉ እንደ ነውር ስለ ቈጠረው ገበያው ወደቀ። ኢኑዊት ግን ሥጋውን ከበሉ በኋላ የተረፈውን ቆዳ ሸጠው ነበር ጥይትና ነዳጅ የሚገዙት። ገንዘቡ ሲቀር አደኑ ከበደ፤ ከሩቅ አገር በመርከብና በአውሮፕላን የሚመጣው የሱቅ ምግብ ደግሞ እጅግ ውድ ነው። ለእንስሳው የታዘነለት ልብ ለሰውየው ማዘንን ረሳ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፥ በ2014፥ የካናዳው ግሪንፒስ ዘመቻው ስላደረሰው ጉዳት ኢኑዊትን በጽሑፍ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታውም በቃል ብቻ አልቀረም። በባፊን ደሴት ያለችው የክላይድ ሪቨር መንደር፥ በኃይለኛ የድምፅ ሞገድ ከባሕር በታች ነዳጅ ለመፈለግ የተሰጠውን ፈቃድ ተቃውማ ስትከራከር፥ የሚያድኗቸው እንስሳት እንዳይሸሹና እንዳይጎዱ ስለ ሠጉ፥ ማኅበሩ ከአዳኞቹ ጎን ቆመ። በ2017 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕዝቡ በሚገባ አልተመከረም ብሎ ፈቃዱን ሻረው። እንግዲህ የእንስሳው ጠበቃና የእንስሳው አዳኝ አንድ ሆነው ባሕሩን ጠበቁ ማለት ነው። ኢኑዊት የሚያድኑትን አቆስጣ ዛሬ ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋው የአዳኙ መሣሪያ ሳይሆን የባሕሩ በረዶ መቅለጥ ነው፤ እርሱም በአብዛኛው በሩቅ አገሮች ከሚቃጠለው ነዳጅ የመጣ ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን? መጽሐፍ ቅዱስ ለምግብ የሚደረገውን አደን አይከለክልም፤ ይስሐቅ ከዔሳው አደን ይበላ እንደ ነበር እናውቃለን። ነገር ግን ወሰን አበጅቶለታል። ኦሪት ዘሌዋውያን አዳኙ የገደለውን ደም አፍስሶ በአፈር እንዲሸፍን ታዛለች፤ ኦሪት ዘዳግምም እናቲቱን ወፍ ከጫጩቶቿ ጋር መውሰድን ትከለክላለች። ስለዚህ በአዳኙ ላይ ከመፍረዳችን በፊት ሦስት ነገሮችን ልንጠይቅ ይገባናል፦ የገደለው ለመብል ነው ወይስ ለጨዋታና ለትርፍ? ዘሩ ሳይጠፋ ይቀጥላል ወይ? ከተገደለውስ የሚጣል አለ ወይ? ችግርም ቢኖር ሁለተኛው ጥያቄ አይታለፍም። ዋልያ በሰሜን ተራራዎቻችን እንጂ በሌላ አገር በዱር አይገኝምና፥ ቢያልቅ የሚተካው የለም፤ እርሱን ማደን በረኃብ ስም እንኳ የልጆችን ርስት መብላት ነው። የሚጠብቀውም መንግሥት በዚያ ተራራ ላይ የሚኖረው ገበሬ እንዳይራብ ማሰብ አለበት።

ለእኛም ቤት ይህ ምርመራ ይጠቅማል። ሥጋውን ከሉካንዳ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚገዛ ሰው ከአዳኙ ይልቅ ንጹሕ ነኝ ሊል አይችልም፤ ልዩነቱ ሞቱን አለማየቱ ብቻ ነው። ወላጆች በበዓል ቀን በጉ በስመ አብ ተብሎ ሲታረድ ልጆቻቸው ነፍስ ያለው ፍጥረት ለእነርሱ ሲል መሞቱን እንዲያስቡ፥ ከማዕዱም የተረፈው ተጥሎ እንዳይበላሽ ለችግረኛ እንዲደርስ ቢያስተምሯቸው፥ የፍጥረት ጥበቃ በቤታቸው ተጀመረ ማለት ነው።