ኮዬ ፈጬ፦ «መብራት አለው» የተባለ ሱቅ ስንት ኪሎ ዋት ይሸከማል?

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኘው የኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ መንደር ከ2011 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወዲህ ስሙ ከደላሎች አፍ አልጠፋም። ሱቅ የሚያከራይም ሆነ የሚያሻሽጥ ደላላ በቅድሚያ የሚናገረው «መብራት አለው» የሚለውን ነው። ይሁን እንጂ አምፖል የሚያበራ መስመር ሁሉ ምጣድ ወይም ወፍጮ ይሸከማል ማለት አይደለም። ልዩነቱን በቁጥር አስልቶ የሚያሳየው የኤሌክትሪክ ኃይል አማካሪ መሐንዲስ ነው።

የመሐንዲሱ የመጀመሪያ ሥራ ጭነቱን መደመር ነው። እንጀራ ጋግሮ ለማከፋፈል ያሰበ ነጋዴ እያንዳንዳቸው 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስዱ 20 ምጣዶች ቢተክል በአንድ ጊዜ 70 ኪሎ ዋት ይፈልጋል። ሰፈሩን የሚመግበው ትራንስፎርመር ባለ 315 ኪሎ ቮልት አምፔር ቢሆን፣ ይህ አንድ ሱቅ ብቻውን ከአምስት እጅ አንዱን እጅ በላይ ወሰደ ማለት ነው። የቀረው ለነዋሪው ይበቃል ወይ የሚለው መመለስ ያለበት ምጣዱ ከመገዛቱ በፊት ነው።

ሁለተኛው የመስመሩ ርቀት ነው። ትራንስፎርመሩ 15 ሺህ ቮልቱን ወደ 380 እና 220 ዝቅ አድርጎ ያድላል። ሽቦው በረዘመና በቀጠነ ቁጥር ቮልቱ ይወርዳል። 220 መሆን የሚገባው 198 ሆኖ ቢደርስ ጉድለቱ 10 በመቶ ቢመስልም የምጣዱ ሙቀት ግን በ19 በመቶ ይቀንሳል። እንጀራው ይዘገያል፤ ሠራተኛውም ኪራዩም ጊዜ ይቆጥራሉ።

ሦስተኛው የሞተር ጉዳይ ነው። 15 ኪሎ ዋት የሚወስድ የወፍጮ ሞተር የኃይል አጠቃቀም ብቃቱ (ፓወር ፋክተሩ) 0.75 ከሆነ ከመስመሩ ላይ 20 ኪሎ ቮልት አምፔር ይይዛል። ካፓሲተር ተገጥሞለት ብቃቱ 0.95 ቢደርስ የሚይዘው ከ16 በታች ይሆናል። ሥራው ያው ሆኖ በሽቦውና በትራንስፎርመሩ ላይ ያለው ጫና ይቀላል።

አንዳንድ ባለሀብቶች ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ይህን ሁሉ ስጋት ያስቀረ ይመስላቸዋል። ኃይል ማመንጨትና ኃይል ማከፋፈል ግን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የቀድሞው ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ሲከፈልም ማመንጨቱና ከፍተኛ መስመሩ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኛ ማድረሱ ደግሞ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጥቷል። ወንዝ ቢሞላም ቤት የሚደርሰው ውኃ በቧንቧው ልክ ነው።

ስለሆነም ውል ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገሮች ተጣርተው ቢያዙ ይመረጣል። ቆጣሪው ባለ አንድ ነው ወይስ ባለ ሦስት ፌዝ? ትራንስፎርመሩ ምን ያህል ትርፍ አቅም አለው? አዲስ መትከል ቢያስፈልግ ወጪው የማን ነው፣ የአከራይ ወይስ የተከራይ? የመጀመሪያውን ቆጣሪው ራሱ ያሳያል። ሁለተኛውን መሐንዲሱ ከአገልግሎቱ ጽሕፈት ቤት ጋር ያጣራል። ሦስተኛው ግን በውሉ ላይ በጽሑፍ ካልሰፈረ በኋላ የሚያከራክር ነው። መልሱን በእጁ የያዘ ደላላም ቢሆን «መብራት አለው» ሲል የሚታመነው ያኔ ነው።