ቀጭኗ ብሩሽ መጨረሻ ላይ ናት

የዱር እንስሳትን በዘይት ቀለም መሳል ከቪዲዮ መማር ብዙ ሰው የሚንቀው ትምህርት ነው። እኔ ግን አከብረዋለሁ። አለ ፈለገ ሰላም ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል ያላገኘ የጀሞ ወይም የለቡ ወጣት፣ ማታ ከሥራ ሲገባ ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ አንዱን የብሩሽ አያያዝ እስኪገባው ድረስ እየመለሰ ያያል። ለአንድ ተማሪ ያን ያህል የሚደግም መምህር የለም።

ዕቃው ብዙ አይደለም፦ የተወጠረ ሸራ፣ ጥቂት የቱቦ ቀለም፣ ሁለት ሦስት ብሩሽ፣ የተልባ ዘይትና አኳራጅ። የበርና የመስኮት ቀለም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት የእንስሳው ጸጉር ላይ ነው። ቪዲዮዎቹ መጀመሪያውን በፍጥነት ያሳልፉና ቀጭኗ ብሩሽ ጸጉር ስታወጣ ረጋ ብለው ያሳያሉ፤ ለዓይን ደስ ይላላ። ተመልካቹም ሥዕሉ የተሠራው እዚያ ላይ ይመስለዋል። አንድ የሰፈሬ ልጅ ወንድ ጭላዳ ዝንጀሮ ስሎ አሳየኝ። «ጋሼ፣ እያንዳንዱን ጸጉር ለብቻው ነው የሳልኩት፤ ለምንድን ነው ብርድ ልብስ የለበሰ የመሰለው?» አለኝ። ልጁ አልሰነፈም፤ ከመጨረሻው ስለጀመረ ነው።

ጭላዳን ልብ ብላችሁ እዩት። ከትከሻው የሚወርደው ጎፈር ብርሃን ያረፈበት በኩል ወርቃማ ቡናማ ነው፤ ከሥሩ ግን ወደ ጥቁር ያደላል። ደረቱ ላይ ጸጉር የሌለበት ቀይ ቦታ አለ፤ ጎፈሩ እዚያ ሲደርስ ግራና ቀኝ ይከፈላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀባው ጥላው ነው። በርንት አምበር የሚባለው ቡናማና አልትራማሪን ሰማያዊ ተቀላቅለው የሚሰጡት ጥቁር ከቱቦው ጥቁር ይልቅ ሕይወት አለው፤ በሰፊ ብሩሽ፣ ጸጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ ይቀባል። ቀጥሎ መካከለኛው ቡናማ በዘለላ በዘለላ ይገባል። ዝንጀሮውን ዝንጀሮ የሚያደርገው ይህ ደረጃ ነው። ቀጭኗ ብሩሽ የምትነሳው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ያውም ለሁለት ቦታ ብቻ ነው፦ ብርሃን ለነካቸው ዘለላዎች ጫፍና ጎፈሩ ከጀርባው ሰማይ ጋር ለሚገናኝበት ጠርዝ። ጥላው ውስጥ ጸጉር አትሳሉ፤ የቀረውን የተመልካቹ ዓይን ይሞላዋል። ዓይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ ስታዩት ዝንጀሮው ካልታያችሁ ቀጭኗን ብሩሽ አስቀምጧት።

ቪዲዮ ጊዜንም ይደብቃል። አሜሪካዊው ቦብ ሮስ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1994 በቀረበው የቴሌቪዥን ዝግጅቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አንድ ሥዕል ይጨርስ ነበር፤ እርጥብ ቀለም በእርጥብ ቀለም ላይ ስለሚቀባ ነው። ለተራራና ለዛፍ ግሩም ነው፤ በንብርብር ለሚሠራ ጎፈር ግን አይሆንም። የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክሲጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው፤ ይህም ቀናት ይፈጃል። የታችኛው ንብርብር በአኳራጅ የቀጠነ፣ የላይኛው ደግሞ ዘይት የበዛበት ይሁን። ከተገላበጠ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ሥሩ ገና ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል።

ደግሞ እባካችሁ፣ በጠባብ ክፍል መስኮት ዘግታችሁ አኳራጅ አትክፈቱ። የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅም ጠቅልላችሁ ጥግ አትወርውሩ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ ጨርቁ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል፤ ዘርግታችሁ ውጭ አስጡት።

የውጭ አገር መምህራን ነብር መሰሉን ታይገር መሳል ይወዳሉ፤ እንስሳው ግን አፍሪካ ውስጥ በዱር አይኖርም። ዘዴውን ከእነሱ ውሰዱ፤ እንስሳውን ከአገራችሁ ምረጡ። ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮ፣ የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ሌላ የዱር መኖሪያ የላቸውም። ስሜንም ባሌም መሄድ ካልቻላችሁ አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለውን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጎብኙ። እዚያ ያሉት እንስሳት ቆዳቸው ተሞልቶ የቆሙ ስለሆኑ አይንቀሳቀሱም። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ዙሩና የጸጉሩ አቅጣጫ አንገትና ትከሻ ላይ የት እንደሚቀየር በቀስት ምልክት አድርጉ። ቪዲዮውን ከዚያ በኋላ ክፈቱት።