ሁለተኛው እሳት፦ በፍሪዘር የከረመ ጥብስ ለምን ይደርቃል?

በዓል ባለፈ ማግስት በብዙ ቤቶች የሚታይ ነገር አለ። በከሰል ፍም ላይ ከተጠበሰው ሥጋ የተረፈው ወደ ፍሪዘር ይገባል። ከሳምንት በኋላ ወጥቶ ሲሞቅ ግን ያ ጭማቂው ይወርድ የነበረ ጥብስ ለጥርስ የሚያስቸግር ቋንጣ መስሎ ይገኛል። አንዱ «እሳቱ በዝቶበት ነው» ይላል፤ ሌላው «ፍሪዘሩ ነው ያደረቀው» ይላል። ሁለቱም በከፊል ትክክል ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሥጋው ውሃ የት እንደሚሄድ፣ ምን ያህሉንም ማትረፍ እንደሚቻል ለማስረዳት ይሞክራል። ጉዳዩ የጣዕም ብቻ አይደለም፤ በአግባቡ ያልተቀመጠና ያልሞቀ ሥጋ ለሕመም ይዳርጋልና።

ውሃው ያለበት ቦታ

ከጥሬ ቀይ ሥጋ ክብደት 75 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። አብዛኛው ውሃ በጡንቻ ክሮች ውስጥ፣ በቀጫጭን የፕሮቲን ዘንጎች መካከል ተይዞ ይገኛል። ሥጋው ሲሞቅ እነዚህ ፕሮቲኖች ተፈጥሯዊ ቅርፃቸውን እየለቀቁ ይኰማተራሉ። ማዮሲን የተባለው ፕሮቲን በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መርጋት ይጀምራል። ክሮቹን የሚያቅፈው ኮላጅን ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ባለው ክልል ያጥራል፤ አክቲን ደግሞ ከ66 እስከ 73 ዲግሪ ገደማ ይረጋል። በዚህ ጊዜ እርጥብ ጨርቅ በእጅ እንደሚጨመቅ ሁሉ ውሃው ከክሮቹ ወደ ውጭ ይገፋል። አንድ ጥብስ ከእሳት ሲወርድ የክብደቱን ሩብ ያህል አጥቶ ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው፣ የረጋ ፕሮቲን ወደ ቀድሞ ሁኔታው አይመለስም፤ በመሆኑም ሲያሞቁ ውሃ መጨመር ከክሮቹ የወጣውን ውሃ መልሶ አያስገባም። ሁለተኛው፣ የመጨመቁ መጠን በዋናነት የሚወሰነው ሥጋው በደረሰበት ከፍተኛ ሙቀትና በዚያ ሙቀት በቆየበት ጊዜ ነው። ሁለተኛው እሳት የሥጋውን ውስጥ ከመጀመሪያው እሳት በላይ ካላሞቀው፣ ብዙም ካላቆየው፣ አዲስ የሚጨመቀው ውሃ ጥቂት ይሆናል። የጉዳዩ ቁልፍ ይህ ነው።

ቅዝቃዜው የሚያደርሰው ጉዳት

ውሃ በረዶ ሲሆን ይዘቱ በ9 በመቶ ያህል ይጨምራል። በሥጋ ውስጥ አብዛኛው በረዶ የሚሠራው ከ1 እስከ 5 ዲግሪ ከዜሮ በታች ባለው ክልል ነው። ሥጋው ይህን ክልል በፍጥነት ካለፈ ጥቃቅን የበረዶ ክሪስታሎች ይፈጠራሉ፤ በዝግታ ካለፈ ግን ጥቂት ትላልቅ ክሪስታሎች አድገው የክሮቹን ሽፋን ይጎዳሉ። የቤት ፍሪዘር ወፍራም ሙዳ ሥጋን የሚያቀዘቅዘው በዝግታ ነው። ሥጋው ሲቀልጥ ከሥሩ የሚጠራቀመው ቀይ ቡናማ ፈሳሽ የዚህ ጉዳት ምልክት ነው።

ሌላም ጉዳት አለ። በደንብ ካልተጠቀለለ ሥጋ ላይ ያለው በረዶ ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ተን ይለወጣል፤ ይህም ሰብሊሜሽን ይባላል። በሥጋው ገጽ ላይ የሚታዩት ነጣ ያሉ ደረቅ ነጠብጣቦች የሚመጡት ከዚህ ነው። በተጨማሪም ሥጋ ሲበስል ከቀይ ቀለሙ የሚለቀቀው ብረት፣ ስቡ ከኦክስጅን ጋር እንዲዋሐድ ያፋጥናል፤ ዳግመኛ የሞቀ ሥጋ የሚያመጣው የከረመ ሽታ በአመዛኙ የዚህ ውጤት ነው። ለሁለቱም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ይኸውም አየር በማያስገባ ፕላስቲክ አጥብቆ መጠቅለል።

ከበረዶ በቀጥታ ወደ እሳት?

አንድ ኪሎ በረዶ በ0 ዲግሪ ሳለ ለመቅለጥ 334 ኪሎ ጁል ሙቀት ይፈልጋል። ይህ ሙቀት ያንኑ አንድ ኪሎ ውሃ ከ0 እስከ 80 ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ነው! የበረደ ሥጋ ምጣድ ላይ ሲጣል መሐሉ ይህን ሁሉ ሙቀት እስኪያገኝ ድረስ ጠርዙ ከ80 ዲግሪ በላይ ሆኖ ይቆያል፤ ይጨመቃል፣ ይተናል፣ ይደርቃል። ከዚህም ሌላ በረዶ ከፈሳሽ ውሃ በአራት እጥፍ ገደማ የተሻለ ሙቀት አስተላላፊ ስለሆነ፣ ቀድሞ የቀለጠው የውጭ ክፍል ለመሐሉ እንደ መከላከያ ልብስ ያገለግላል።

ውፍረትም የራሱ ሕግ አለው። ሙቀት ወደ ሥጋው መሐል ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ከውፍረቱ ካሬ ጋር ይመጣጠናል፤ ውፍረቱ በእጥፍ ሲጨምር ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። ማይክሮዌቭም ቢሆን ከዚህ ችግር አያድንም። የማይክሮዌቭ ጨረር በፈሳሽ ውሃ ውስጥ በነፃነት የሚዞሩትን ሞለኪዩሎች በብርቱ ያንቀሳቅሳል፤ በበረዶ ውስጥ የታሰሩትን ግን እምብዛም አይነካም። ስለዚህ ቀድሞ የቀለጠው ጥግ ሲፈላ ጎረቤቱ ገና በረዶ ሊሆን ይችላል።

ጣዕምና ጤና የሚጋጩበት ቦታ

ውሃውን ለማትረፍ ለብ ማድረግ ይበቃል የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ባክቴሪያዎች ግን ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ክልል በፍጥነት ይራባሉ። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የተባለው ባክቴሪያ ስፖሮች ከመጀመሪያው እሳት ተርፈው፣ ሥጋው በዝግታ ሲቀዘቅዝ ሊነቁ ይችላሉ። ስለዚህም የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር የተረፈ ምግብ መሐሉ 74 ዲግሪ እስኪደርስ እንዲሞቅ ይመክራል። ደግነቱ፣ በደንብ የበሰለ ጥብስ መሐሉ በመጀመሪያው እሳት ይህን ሙቀት ደርሶበታል። እንግዲህ ግቡ 74 ዲግሪን መድረስና እዚያው ማቆም ነው። ለስለስ ብሎ፣ ቀይ እንደሆነ የወረደ ጥብስ ግን በሁለተኛው እሳት የተወሰነ ውሃ ማጣቱ አይቀርም።

እሳት የማያርመው ስሕተትም አለ። ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ በመፍላት እንኳ አይጠፋም። ስለዚህ ከሁለት ሰዓት በላይ ገበታ ላይ የቆየን ሥጋ ማሞቅ አያድነውም። መብራት ለረዥም ጊዜ በሚጠፋበት ቤት አንድ ቀላል ዘዴ ይጠቅማል፦ በአንድ ኩባያ ውሃ አቀዝቅዞ በበረዶው ላይ ሳንቲም ማስቀመጥ። ሳንቲሙ ወደ ታች ሰጥሞ ከተገኘ ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ነገር ቀልጦ ዳግመኛ በርዷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ሥጋ አለመብላት ይመረጣል።

አሠራሩ በቅደም ተከተል

1. ጥብሱን በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን ከፋፍሎ፣ ከጭማቂው ጋር ስስና ጠፍጣፋ አድርጎ ጠቅልሎ ወደ ፍሪዘር ማስገባት።

2. ከመብላት በፊት በነበረው ሌሊት ከፍሪዘር ወደ ማቀዝቀዣው የታችኛው ክፍል ማውረድ። ጊዜ ካጠረ ከነመጠቅለያው በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ ውሃውን በየግማሽ ሰዓቱ መለወጥ። ገበታ ላይ አሳድሮ ማቅለጥ አይገባም።

3. ሲቀልጥ የወጣውን ፈሳሽ ከጥቂት መረቅ ጋር በድስት አፍልቶ ሥጋውን መጨመርና ክዳኑን በደንብ መግጠም። ተን በሞላበት ድስት ውስጥ ከሥጋው የሚተነው ውሃ ጥቂት ነው። ይልቁንም ተኑ ቀዝቃዛው ሥጋ ላይ ወደ ውሃ ሲመለስ በኪሎ 2,260 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይሰጠዋል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ድስቱ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ የተኑ ሙቀት ከዚያ አያልፍም።

4. መሐሉ 74 ዲግሪ ሲደርስ ወዲያው ማውረድ። ቴርሞሜትር ከሌለ ወፍራሙን ቁራጭ ከፍሎ መሐሉ ተን የሚወጣው መሆኑን ማየት። እንደ ሽንጥ ያለው ጅማት የሌለው ሥጋ መቆየት አይወድም። ጅማት የበዛበት ሥጋ ግን በእርጥብ ሙቀት ሲቆይ ኮላጅኑ ወደ ጄላቲን ስለሚለወጥ ይለሰልሳል።

5. የጥብስ ወዙን የሚሻ ሰው በመጨረሻ በጋለ ብረት ምጣድ ላይ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ማገላበጥ ይችላል።

እናንተም ሞክሩት

ይህን በወጥ ቤት ሚዛን ማረጋገጥ ይቻላል። ከአንድ ጥብስ ክብደታቸውና ውፍረታቸው እኩል የሆኑ ሦስት ቁራጮች አብራችሁ አቀዝቅዙ፤ በበረዶነታቸውም መዝኗቸው። ሁለቱን በማቀዝቀዣው አቅልጡ፤ አንዱን በተከደነ ድስት፣ ሌላውን በክፍት ምጣድ አሙቁ። ሦስተኛውን ሳታቀልጡ በተከደነ ድስት አሙቁ። ሁሉም መሐላቸው 74 ዲግሪ ሲደርስ አውጥታችሁ ዳግመኛ መዝኑ፤ የጠፋውን ክብደት ለመጀመሪያው አካፍላችሁ በመቶ አባዙት። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ልዩነት የክዳኑን፣ የመጀመሪያውና የሦስተኛው ልዩነት የማቅለጡን ጥቅም ያሳያል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ የማንኛውም ሙከራ መሠረት ነውና፣ ውጤቱን መዝግባችሁ ከጓደኞቻችሁ ውጤት ጋር አነጻጽሩት። ከዚያም ሦስቱንም ቁራጭ መቅመስ አትርሱ።